በፎቶ ብቻ ፈንገሱ አይለይም

እህቴ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ግቢሽ ውስጥ ያለው ማንጎ ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ ፈንገሱንና መድኃኒቱን ከፎቶው ንገሩኝ ብለሻል። አየሁት። አንትራክኖስ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ይመስላል። ግን በ«ይመስላል» ገንዘብ አታውጪ።

ድሬ ላይ ችግኝ አፈላለሁ፤ እንዲህ ያለ ቅጠል ሲመጣልኝ መጀመሪያ ፈንገስ ያልሆነውን አወጣለሁ። አሮጌ ቅጠል ጫፉና ጠርዙ ብቻ ከነደደ የምታጠጪውን ውሃ ጨው ጠርጥሪ። ጥላሸት መስሎ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ፣ ፈንገስ ቢሆንም የሚኖረው የቅጠሉን ፈሳሽ የሚመጥጡ ነፍሳት በሚያወጡት ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ነው፤ መታገል ያለብሽ ከነፍሳቱ ጋር ነው። ነጭ ነገር ካየሽም አትቸኩዪ። ለጋ ቅጠልና አበባ ላይ እንደ ዱቄት ከተነሰነሰ ዱቄታማ ሻጋታ ነው። ተጣብቆ በጥፍር የሚፋቅ ከሆነ ደግሞ ነጭ የማንጎ ተባይ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ነፍሳት ነው፣ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ2010 እ.ኤ.አ. ወለጋ ነው።

አንትራክኖስ የሚያመጣው ኮሌቶትሪከም የሚባል ፈንገስ ነው። እርጥበት ይወዳል፤ ስለዚህ የበልግና የክረምት ዝናብ ሲጥል ለጋው ቅጠል ላይ ነው የሚብሰው። በደረቁ በጋ አሮጌ ቅጠል ላይ ብቻ ከሆነ አንትራክኖስ መሆኑን እኔ እጠራጠራለሁ።

ቤትሽ ሞክሪው። ነጠብጣቡ አዲስ የሆነ ለጋ ቅጠል ቁረጪ፣ እጠቢው፣ እርጥብ ሶፍት ካነጠፍሽበት ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ቦታ አቆዪው። ከዚያው ዛፍ ንጹሕ ለጋ ቅጠልም ለብቻው እንደዚሁ አድርጊ። በማጉያ መነጽር ስታዪ ነጠብጣቡ ላይ ብርቱካናማ ሮዝ የሚያጣብቅ ጠብታ ከወጣ ኮሌቶትሪከም ነው ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ጋ ነው። ይህ ፈንገስ ጤነኛ ማንጎ ውስጥም ምንም ሳያደርግ ተደብቆ ይኖራል። የሞተ ቅጠል አርጥበሽ ብታቆዪ ሊወጣ ይችላል፤ በሽታውን ያመጣው እሱ ነው ማለት ግን አይደለም። ንጹሑን ቅጠል ያስቀመጥሽው ለዚህ ነው፤ እሱም ላይ ያው ጠብታ ከወጣ ሙከራው ምንም አላረጋገጠልሽም። እርግጠኛ የሚያደርገው ፈንገሱን ለይቶ ማሳደግ፣ ጤነኛ ችግኝ ላይ ማድረግ፣ ያው ነጠብጣብ ሲመለስ ማየት ነው። ይህ የላብራቶሪ ሥራ ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው፣ ጠይቂ። ናሙናውን በጋዜጣ ጠቅልዪው እንጂ ፌስታል ውስጥ አታፍኚው፣ ይበሰብሳል።

እስከዚያ የደረቁ ጭራሮዎችንና የረገፈውን ቅጠል ሰብስበሽ አስወግጂ፤ ውሃውንም ከሥሩ እንጂ ከላይ አታርከፍክፊ። የመዳብ መድኃኒት አዲሱን ቅጠል ይከላከላል እንጂ የጠቆረውን አይመልስም። የቅጠሉን ጀርባም አንስተሽ ላኪልኝ፣ ከላይ ያለው ብቻ አልበቃኝም።