ለባሌው ጉዞ ዕቃሽን ለሁለት ክፈዪው

እህቴ፣ «በጥር ከጅማ ተነስተን ባሌ ተራሮች ላይ አራት ቀን ከአስጎብኚ ጋር በእግር ልንጓዝ ነው፤ ጋቢና ጃኬት ይበቃኛል? ሌላስ ምን ልያዝ?» ብለሻል። እኔም ከዚሁ ከጅማ እየተነሳሁ የሄድኩበት መንገድ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

ጋቢና ጃኬት ብቻውን አይበቃም። የእኛ ከተማ ብርድ ለባሌ መለኪያ አይሆንም። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የባሌ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ዲንሾ ከ3,000 ታልፋለች፣ ላይኛው ሜዳ የሳነቴ አምባ 4,000 ገደማ ነው፣ የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ይደርሳል። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ እንደሚሄድ አስቢው። በጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀን ፀሐዩ ይለበልባል፣ ሌሊት ግን ድንኳኑ ላይ ያረፈው ጤዛ ይረጋል። እሳት እናነዳለን ብለሽም አትተማመኚ፤ ሳነቴ ላይ ከጅብራና ከአጫጭር ቁጥቋጦ ሌላ የለም፣ እሱም በፓርክ ውስጥ አይነካም።

ዋናው ምክሬ ዕቃሽን ለሁለት እንድትከፍዪው ነው፤ ፈረስ የሚጭነውና ከጀርባሽ የማይወርደው። ፈረሱ ሁልጊዜ አንቺ በምትሄጂበት መንገድ አይሄድም። ባለፈረሶቹ አቋርጠው ይቀድማሉ፣ አንዳንዴም ጭነት ሲያስተካክሉ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ከሰዓት ደመናው ወርዶ ንፋሱ ሲነሳ ወፍራሙ ጃኬት ፈረሱ ላይ ከሆነ አልያዝሽውም ማለት ነው። ስለዚህ ጃኬቱ፣ የዝናብ ልብሱ፣ የሱፍ ኮፍያና ጓንት፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ቆሎ ወይም በሶ፣ የግንባር ባትሪ፣ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ እሱም፣ ሁሌ ከአንቺ ጋር ይሁኑ። ጃንጥላሽን ቤት ተዪው፤ የሳነቴ ንፋስ ይገለብጠዋል።

በፈረስ የሚሄደው መኝታና መቀየሪያ ነው። እያንዳንዱን በፌስታል ቋጥረሽ በማዳበሪያ ውስጥ ክተቺው። ከዚህ ውስጥ አንድ ሙሉ ቅያሪ፣ ማለትም ካልሲ፣ ታይት፣ ሹራብ፣ ለመኝታ ብቻ ለዪ። ቀን የፈለገውን ያህል ብትበሰብሺ እሱን ለብሰሽ እንዳትሄጂበት! ጠዋት እርጥቡን መልሶ መልበስ ያስጠላል፣ ግን መራመድ ስትጀምሪ ሰውነትሽ ይሞቃል፤ ሌሊት በእርጥብ ልብስ መተኛት ግን አደገኛ ነው።

ጂንስ በፍጹም አትያዢ። አብራን የሄደች ልጅ ረፋድ ላይ ጂንሷ ረጥቦ እስከ ማታ አልደረቀላትም፣ ስትንቀጠቀጥ አመሸች። ጥጥ ውሃ ይይዛል። ከቆዳሽ ጋር የሚነካካው የኳስ ማልያ ዓይነት ቶሎ የሚደርቅ ጨርቅ ይሁን፣ ከላዩ ሹራብ ወይም ፍሊስ፣ ከዚያ ንፋስና ዝናብ የሚከላከል። ውድ ዕቃ መግዛት የለብሽም፤ መርካቶ ሰልባጅ ተራ ገብተሽ በትዕግሥት ብትፈልጊ ጥሩ ፍሊስ ታገኛለሽ። ጋቢውን ውሰጂው፣ ደስ ይላል፣ ግን ለድንኳን ውስጥ ብቻ።

ጫማ ላይ አትሰስቺ። ሜዳው ፍልፈል የቆፈረው ጉድጓድ ብቻ ስለሆነ ቁርጭምጭሚት የሚደግፍ ያስፈልጋል (ቀይ ቀበሮውም እዚያ የሚኖረው ፍልፈሉን ብሎ ነው)። አዲስ ከሆነ አሁኑኑ አድርጊው። የምትሸከሚውን ቦርሳ ሞልተሽ ጅሬን፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ደጋግመሽ ውጪ። ተረከዝሽን የሚልጥሽ ከሆነ እዚሁ ይታወቅ።

ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ለከንፈርሽ ቫዝሊን አትርሺ። ስልክና ፓወር ባንክ በብርድ ቶሎ ስለሚደክሙ ማታ ከአንቺ ጋር አስተኚያቸው።

ድንኳን፣ ፍራሽና ስሊፒንግ ባግ ከአስጎብኚዎቹ የምትከራዪ ከሆነ ከመነሳትሽ በፊት ደውለሽ ስሊፒንግ ባጉ ለስንት ዲግሪ እንደተሠራ ጠይቂ። ከዜሮ በታች ካልሆነ ሁለት ይስጡሽ፣ ወይም ከቤት ብርድ ልብስ ጨምሪ።