የሳይንስ ልብ ወለድ ከየት ልጀምር? ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱ የምንገናኝ የንባብ ወዳጆቼ በኢንተርኔት በነጻ ስለሚነበቡ አጫጭር የሳይንስ ልብ ወለዶች ጠይቀውኝ የመለስኩላቸው ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለጀማሪ የትኛውን ይመርጡልኛል?

መልስ፦ የቴድ ቺያንግን «ታላቁ ዝምታ»። ተራኪው የፖርቶ ሪኮ በቀቀን ነው። በአካባቢው 305 ሜትር ስፋት ያለው የአሬሲቦ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ነበር። የሰው ልጅ ከሌላ ዓለም ድምፅ ፍለጋ ያን የሚያህል ጆሮ ገንብቶ፣ ደጁ ላይ የሚናገረውን፣ ዘሩ ሊጠፋ የተቃረበውን ወፍ አይሰማም። ቴሌስኮፑም እ.ኤ.አ. በ2020 ፈርሷል፤ ታሪኩን ዛሬ ስታነበው ሐዘኑ ይበረታል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

መልስ፦ እንግዲያው የቴሪ ቢሰንን «ከሥጋ የተሠሩ ናቸው» አንብቢ፣ እህቴ። ሁለት የሌላ ዓለም ፍጡራን ስለ እኛ ያወራሉ። ንግግር ብቻ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩም አጫጭር።

ጥያቄ፦ በአፍሪካ ምድር የሚካሄድስ?

መልስ፦ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እዚህ ላይ ነው፦ የኔዲ ኦኮራፎር «ሸረሪቷ አርቲስት»። ላይትስፒድ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2011 በድረ ገጹ አውጥቶታል። በናይጄሪያው ኒጀር ዴልታ ባሏ የሚደበድባት አንዲት ሴት፣ ከቤቷ ጀርባ በሚያልፈው የነዳጅ ቧንቧ አጠገብ ተቀምጣ የአባቷን ጊታር ትጫወታለች። ቧንቧውን የሚጠብቁት ባለ ስምንት እግር ሮቦቶች የነካውን ሰው ይገድላሉ። አንዱ ግን ዜማዋን ሰምቶ ይቀርባል፤ ያዳምጣል፤ ቆይቶም በራሱ ዜማ ይመልስላታል። መጨረሻውን አልናገርም። የከፍተኛ ኃይል መስመር በጣሪያችን ላይ እያለፈ እኛ በሻማ የምናመሽ የከተማ ዳር ሰዎች፣ ሀብቱ በደጇ አልፎ የሚሄድባትን ይህችን ሴት ማንም ሳያስረዳን እናውቃታለን።

ጥያቄ፦ አዳዲሶቹን የት አገኛለሁ?

መልስ፦ ክላርክስወርልድ የሚባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በየወሩ ይወጣል፤ በድምፅ የተነበቡም ስላሉት ታክሲ ውስጥ ማዳመጥ ይቻላል። የአፍሪካውያንን ለሚፈልግ ኦሜናና የሚባል መጽሔት አለ። ኔትወርክ ሲኖር ገጹን ስልክህ ላይ አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ እኔ ብጽፍ ይቀበሉኛል?

መልስ፦ ክላርክስወርልድ ከየትኛውም አገር የተላከ ታሪክ ያያል፤ የላክከውን ለማየት አያስከፍልም፤ ለሚያትመው ይከፍላል። ማሽን (አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ) የጻፈውን ግን አይወስድም። እ.ኤ.አ. በ2023 እንዲህ ያለው ጽሑፍ ቢያጥለቀልቀው መቀበሉን ለጊዜው እስከ ማቆም ደርሶ ነበር። ረቂቅህን ይዘህ ና፣ አብረን እናየዋለን።