ለብድር ክፍል የትኛው ካልኩሌተር ይሻላል ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ድሬ ላይ ባንክ ቤት፣ ብድር ክፍል ልትገቢ ነው። «የፋይናንስ ካልኩሌተር ልግዛ ወይስ ስልኬ ይበቃል? ከገዛሁስ የትኛውን?» ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ድሬ ብድር ስመረምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። መልሴ ይረዝማል፤ አቦ ታገሺኝ።

ስልኩን ቶሎ እንለፈው። አፑ ሒሳብ አይሳሳትም። ግን ደንበኛ ፊትሽ ቁጭ ብሎ ስልክ ስትነካኪ ቴሌግራም የምታዪ ይመስለዋል። መሀል ላይ ደግሞ ይጠራል። ነገ ሲኤፍኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ተንታኞች ፈተና ልፈተን ብትዪም ስልክ ይዘሽ አትገቢም። እዚያ የሚፈቀዱት ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው፦ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቢኤ ቱ ፕላስ እና ኤችፒ 12ሲ፣ ፕሮፌሽናልና ፕላቲነም የሚባሉትን ጨምሮ። ካሲዮ ኤፍሲ-200ቪም ጥሩ ነው። ቁጥሮቹን አንድ ስክሪን ላይ ደርድሮ ስለሚያሳይ ለጀማሪ ደስ ይላል። ግን ፈተና ካሰብሽ ሁለቴ ከማውጣት አንዴ ማውጣት ይሻላል።

የእኔ ምርጫ ቢኤ ቱ ፕላስ ነው። ፕሮፌሽናሉ ለፕሮጀክት ምዘና የሚሆኑ ጥቂት ነገሮች ይጨምራል፤ ለተራ ብድር ግን ያለ እሱም ሥራሽ ይሄዳል።

12ሲ የድሮ አለቃዬ እጅ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ ዕቃ ነው፣ እስካሁን ይሸጣል። ወደ ጎን የተኛ፣ ወርቃማ ግንባር ያለው ቆንጆ ነገር። የእኩል ይሆናል ምልክት ግን የለውም። 3 ሲደመር 2 ለማለት 3፣ ኢንተር፣ 2፣ ከዚያ መደመሪያውን ነው የምትነኪው። ሌላም አመል አለው። «ስንት ወር ይፈጃል?» ብለሽ ስትጠይቂው 47.3 የሚሆነውን ወደ ላይ አስጠግቶ 48 ይልሻል። አለቃዬን ለምን ይሄን እንደሚወዱት ብጠይቃቸው «ማንም አይዋሰኝም» አሉኝ። ያኔ ሳቅኩ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። አንድ ቀን ከጎኔ የሚቀመጥ ልጅ ለመጋዘን ኪራይ ስሌት ካልኩሌተሬን ተዋሰኝ። ኪራይ ቀድሞ ነው የሚከፈለው። ስለዚህ ማሽኑን «ክፍያው በወሩ መጀመሪያ» ወደሚለው፣ ቢጂኤን ወደሚባለው ቀየረው። ልክ ነበር። ግን ሳይመልሰው ሰጠኝ። ከሰዓት በኋላ፣ ያ ሙቀት ራስ በሚያዞርበት ሰዓት፣ አንድ የቀፊራ ገበያ ነጋዴ መጣ። 500,000 ብር፣ በዓመት 17 በመቶ፣ 5 ዓመት፣ በየወሩ የሚከፈል። ካልኩሌተሩ 12,252 ብር አለኝ። ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። ውሉ ታትሞ ሲመጣ 12,426 ይላል። በወር 174 ብር ገደማ ነው ልዩነቱ፤ በ60 ወር ከ10,000 ብር ያልፋል። ሰውየው ያችን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣት። ምንም አላለም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቢጂኤን ስክሪኑ ጫፍ ላይ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። ማሽኑን አጥፍተሽ ብትከፍቺውም እዚያው ነው። ሲኤልአር ቲቪኤም የሚባለው ማጥፊያ ያስገባሻቸውን የብድር ቁጥሮች ያጠፋል እንጂ እሱን አይነካውም። ፒ/ዋይ የሚባለውም፣ በዓመት ስንቴ ይከፈላል የሚለው፣ እንዲሁ ነው። 12 መሆን ሲገባው 1 ላይ ከተተወ የዚያኑ ነጋዴ ብድር በወር 85,007 ብር ይልሻል። ይሄኛው ስህተት ደግ ነው፤ ራሱን ያጋልጣል። የቢጂኤኑ ግን ቁርጥ እውነት ይመስላል።

አሁን ዋናው ጥቅሙ። ያው ነጋዴ ከሁለት ዓመት በኋላ ዕዳውን ልዝጋ ብሎ ቢመጣ 298,000 ብር ገደማ ከፍሏል። ስለዚህ በእሱ ሒሳብ የቀረው 200,000 ነው። ካልኩሌተርሽ ግን 348,500 ገደማ ይላል። እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ። አሞርት የሚለውን ቁልፍ ተጫኚና ከ1ኛው እስከ 24ኛው ወር ስንቱ ለወለድ፣ ስንቱ ለዋናው ገንዘብ እንደሄደ አሳዪው። መጀመሪያ ላይ ዕዳው ትልቅ ስለሆነ ወለዱ ከከፈለው ግማሽ ያህሉን እንደበላ በዓይኑ ሲያይ ድምፁ ይቀንሳል። ሁሉም ባይሆን።

ሌላ ቦታ «17 በመቶ ፍላት» ተብሎ የሚመጣም ይኖራል። ወለዱ ዕዳው ሲቀንስ አብሮ አይቀንስም ማለት ነው። በዚያው 500,000 ላይ በ5 ዓመት 425,000 ወለድ ይሆናል፣ በወር 15,416.67። ይሄን በመቀነስ ምልክት ፒኤምቲ (የየወሩ ክፍያ) ላይ፣ 500,000ን ፒቪ (የብድሩ መጠን) ላይ፣ 60ን ኤን (የክፍያው ብዛት) ላይ አስገቢና አይ/ዋይን (የዓመት ወለዱን) ጠይቂው። 27.5 በመቶ አካባቢ ይመጣል። ምልክቱን ከረሳሽ ኤረር 5 ይልሻል፤ ማሽኑ ተበላሸ ብለሽ እንዳትደነግጪ።

ቀን መቁጠሪያውን በእኛ አቆጣጠር እንዳትሞክሪው። ጳጉሜን አያውቃትም። ደንበኛው የነገረሽን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀይረሽ አስገቢ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይም አትተዪው። የእኔ ስክሪን አንዴ ጥቁር ብሎ ቀረ ስል፣ ጥላ ውስጥ ሲቆይ ተመለሰ። ባትሪው ሲአር2032 የሚባለው ክብ ነው፣ መለዋወጫ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር።

ግዢውን በተመለከተ፣ ሱቅ ገብተሽ «የፋይናንስ» ስትዪ ሳይንቲፊክ አውጥተው የሚሰጡሽ አሉ። ኤን፣ አይ/ዋይ፣ ፒቪ፣ ፒኤምቲ፣ ኤፍቪ የሚሉ ቁልፎች በአንድ ረድፍ መኖራቸውን እይ። ከዚያ እዚያው ባንኮኒው ላይ ፒ/ዋይን 12 አድርጊና 60ን ኤን፣ 17ን አይ/ዋይ፣ 500,000ን ፒቪ ላይ አስገቢ፤ ኤፍቪ (መጨረሻ ላይ የሚቀረው ዕዳ) ዜሮ ይሁን፤ ፒኤምቲን ጠይቂው። 12,426.29 ከነመቀነስ ምልክቱ ካመጣ ክፈዪ። 12,252 ካለሽ ቀድሞሽ የተዋሰው ሰው አለ።