ሁለቱ እኩል ሲያለቅሱ እኔ ትልቁን ነው የማነሣው

«ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛውን ልወልድ ወር ተኩል ቀርቶኛል። ሠራተኛ የለኝም፣ ባለቤቴ የሚገባው ማታ ነው። ሁለቱ እኩል ሲያለቅሱ ማንን ነው የማነሣው?» ላልሽው እህቴ፣ በቅድሚያ በሽልም ያውጣሽ።

እኔም እዚሁ ሐዋሳ ነኝ። አስተማሪ ነኝ፣ ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል። ሚጣ የተወለደችው ማሙሽ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሲሆነው ነው፤ አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ከእሳቱ ገና ስላልወጣሁ ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ቢልብሽ እለፊኝ።

መልሴን ላስቀድመው፦ ትልቁን። እናቴ በዚህ አትስማማም፣ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እንደማትስማሙ ይገባኛል። መጀመሪያ ግን ሚጣን በዓይኔ አያታለሁ። ትን ብሏት ከሆነ፣ ሰውነቷ ካተኮሰ፣ ወይም ከጠባች ቆይታ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሕፃን ረሃብ ቀጠሮ አይቀበልም። እንቅልፍ ፈልጋ ወይም ጨርቋ ረጥቦ ከሆነ ግን ሁለት ደቂቃ ብታለቅስ ምንም አትሆን፣ ማን ቀድሟት እንደታቀፈም አታውቅም። እሱ ግን ያውቃል። ይቆጥራልም።

ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። በመጀመሪያው ወር ሁሌ የምሮጠው ወደ እሷ ነበር። እሱን «አንተ ትልቅ ነህ፣ ቆይ» እለዋለሁ (የሁለት ዓመት ልጅ ትልቅ ሆኖ!)። አንድ ቀን ማጀት ሽንኩርት ስከትፍ ሚጣ ጮኸች፤ ሮጬ ስገባ አጠገቧ ቆሟል፣ ክንዷ ላይ የጥፍር ምልክት አለ። ተቆጣሁት። ከሰዓት በኋላ ደገመው። በሦስተኛው ቀን በመስኮት ተደብቄ አየሁት፦ መጀመሪያ «እማ!» ብሎ ተጣራ። ዝም አልኩ። ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ሄዶ ቆነጠጣትና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። እሷን እንኳ አላያትም፣ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ለካ ልጄ ደወል እየደወለ ነው! እሱ ሲያለቅስ አልመጣም፣ እሷን ሲያስለቅሳት እመጣለሁ፤ ይህንን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገና ሲጠራኝ «አቤት» ማለት ጀመርኩ። መሄድ ባልችል እንኳ «አቤት ማሙሽ፣ እጄ ሽንኩርት ነው፣ ታጥቤ መጣሁ» እለዋለሁ። ቁንጥጫው ወዲያው አልቆመም፣ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀ።

ከቀኑ ሁሉ የሚከፋው የማጥባት ሰዓት ነው። እናቱ ከተቀመጠችና እጇ ከተያዘ ቶሎ እንደማትነሣ ልጅ ጠንቅቆ ያውቃል። በእኛ ቤት ዱቄት የሚደፋው፣ ስልክ ባልዲ ውስጥ የሚገባው፣ አጥሚቴ ምንጣፍ ላይ የሚፈሰው ያኔ ነው። እኔን የገላገለኝ አንድ አሮጌ ዘንቢል ነው። ከበሩ ጀርባ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ይውላል፣ የሚወርደው ሳጠባ ብቻ ነው። የተገዛ ነገር የለበትም፤ ባዶ የቫዝሊን ዕቃ ከነክዳኑ፣ የአባቱ የተሰበረ ስልክ (ባትሪውን አውጥቼዋለሁ)፣ የማይከፍቱ ትልልቅ ቁልፎች፣ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ። ሚጣ ጡት ስትይዝ ይወርዳል፣ ስትለቅ ይሰቀላል። በሳምንቱ «ሚጣ ትጥባ!» እያለ የሚጨቀጭቀኝ እሱ ሆነ።

ማጥባትን ካነሣሁ አይቀር ስለ ጡት ማስጣልም ልንገርሽ። እኔ ማሙሽን ያስጣልኩት ሚጣን አርግዤ በስምንተኛው ወር፣ ሬት ቀብቼ ነው። አሁን ቢሆን አላደርገውም። ጡቱ መረረው፣ ወሩ ሳይሞላ ሌላ ልጅ መጥታ ስትጠባው አየ፤ ምን ይበል? ያንቺ ልጅ እስካሁን ካልተወች አሁን በግድ አታስጥያት። ከወለድሽ በኋላም ሁለቱን ማጥባት ይቻላል፣ ብቻ መጀመሪያ ለጨቅላው ይሁን፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንገር የእሱ ድርሻ ነው።

ያስደነገጠኝን ነገርም ልንገርሽ። ሚጣ ሦስት ወሯ ነው፣ ጎረቤት ተሰብስበን ቡና እየጠጣን ነው፣ ቆሎው በሰሐን መሬት ላይ አለ። ዞር ስል ማሙሽ እህቱ ላይ ጎንበስ ብሏል፣ ከንፈሯ ላይ አንዲት የገብስ ፍሬ ተጣብቃለች። ክፋት አስቦ አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ «አጉርሰው» እያልን ያሳደግነው ልጅ እህቱን አጎረሳት! ፍሬዋ ወደ ውስጥ ብትገባ ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። ያን ዕለት ቆሎና ኦቾሎኒ ከመሬት ተነሣ፣ ከሰል ምድጃውም ልጆቹ ካሉበት ክፍል ወጣ (ጭሱ ባይታይም በተዘጋ ቤት ይገድላል)። ሕፃን ታንቆ መተንፈስ ካቃተው በደረቱ ክንድሽ ላይ አስተኝተሽ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርገሽ፣ በትከሻዎቹ መሐል በመዳፍሽ እስከ 5 ጊዜ መምታት ነው፤ የማይታይሽን ነገር በጣትሽ አትፈልጊ፣ የባሰ ይገፋል። ጤና ጣቢያ ለክትትል ስትሄጂ ነርሷ በአሻንጉሊት እንድታሳይሽ ጠይቂ፣ ማንበብና ማየት አንድ አይደለም።

ሁሉም ጦርነት እንዳይመስልሽ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሆን፣ የሐዋሳ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በረንዳ ላይ ሚጣን ቅባት ቀብቼ ፀሐይ አሞቃታለሁ። እሱም ልብሱን ራሱ አውልቆ ጎኗ ይጋደማል። መጀመሪያ «አንተ ሕፃን አይደለህም» ብዬ አስነሣው ነበር፤ ኋላ ተውኩት፣ እሱንም እቀባዋለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንዳንዴ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ በጣራው ላይ ሲያልፍ ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ከቀኑ ሁሉ የምወደው ሰዓት ነው፣ ምክንያቱም ማንም ምንም አይጠይቀኝም።

ክትባት ስትሄጂ ከተቻለ ትልቋን ጎረቤት ጋ ተያት። እኔ በ6ኛው ሳምንት ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። ነርሷ መርፌውን ስታነሣ ማሙሽ ከኋላዬ ተደብቆ በጣቱ «እሷን! እሷን!» እያለ ጠቆማት። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ጠብታው ሲመጣ ደግሞ «ለኔም» ብሎ አፉን ከፈተ። በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ብቻዋን ነው የወሰድኳት።

አራስ ጠያቂውን በር ላይ ተቀበይው፣ ወይም እናትሽ ትቀበል። ሰው ሁሉ ሕፃኗን እያየ ማሙሽን «ተሻርክ እንግዲህ! እናትህን ቀማችህ!» ይለዋል። ለእኛ ቀልድ ነው፣ እሱ ግን እውነት መስሎት ማታ «መቼ ነው የምትሄደው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ማን?» ስለው በአገጩ ወደ እሷ ጠቆመ። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ «መጀመሪያ ትልቁን ሳሙልኝ» ማለት ጀመርኩ። ያኮረፈችኝ አንዲት አክስት አለች፣ ታኩርፍ።

ስለ ባሎች፦ የአንቺው የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው፣ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ቀን ይበልጣል። ሁለቱም ቤቱ ገና በጠያቂ እንደተሞላ የሚያልቁ ናቸው። የቸገረኝ እናቴ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ዲላ የተመለሰች ዕለት ነው። ስለዚህ ባልሽን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፣ ግን በየቀኑ የሚያደርገውን። የእኔው ማታ ማሙሽን ያስተኛዋል። እናቴ ሳትሄድ በፊት ባጃጁ ውስጥ አቅፌው ስቀመጥ በሐይቁ አስፋልት አንድ ዙር ይነዳን ነበር፣ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ሳንደርስ ይተኛል፣ ሚጣን እናቴ ትይዝልኛለች። ጥሩ ነበር፣ ቤንዚን እስኪጠፋ። ሰልፍ ላይ የሚያድርበት ሳምንት ልጁ ያለ ባጃጅ አልተኛም አለ፣ የቆመውን ባጃጅ እየወዘወዝን ያስተኛንበት ሌሊት አለ። የማይጠፋ ነገር አስለምዷት፤ ተረት በነጻ ነው።

ወር ተኩል ቀርቶኛል ብለሻልና ዛሬ ነገ ሳትዪ አድርጊው የምልሽ አንድ ነው፦ ትልቋ ከእናንተ አልጋ የምትወጣ ከሆነ አሁን ትውጣ፣ የራሷን አጎበር ስቀሉላት፣ ቤት መሥሪያ ይመስላቸዋል፣ ይወዱታል። ሕፃኑ ከመጣ በኋላ ከሆነ እሱ እንዳስወጣት ነው የምታስበው። እኛ ማሙሽን ያወጣነው በወለድኩ በሦስተኛው ቀን ነው። እስከ ዛሬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትራሱን እየጎተተ ይመጣል፣ አጎበሩን ገልጦ በመሐላችን ይገባል፣ ቢምቢዎቹም ተከትለውት።