መልስ፦ ተመላሽ የሚሆን ፕሪፈረንስ ሼር ካፒታል ነው ዕዳ?

ከ5 ዓመት በኋላ ገንዘቡ የሚመለስ፣ በየዓመቱ 12 ፐርሰንት የግድ የሚከፈልበት ፕሪፈረንስ ሼር (ከተራው ሼር ቀድሞ ዲቪደንድ፣ ማለትም የትርፍ ድርሻ፣ የሚከፈለው ሼር) ሸጠን ካፒታል ውስጥ ላስገባው ወይ ላልከው፣ አታስገባው ወንድሜ፣ ዕዳ ነው። አይኤኤስ 32 (ዕዳና ካፒታልን የሚለየው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደንብ) ስሙን አይደለም የሚያየው ግዴታውን ነው፣ ካምፓኒው አልከፍልም ማለት ካልቻለ ወረቀቱ ላይ ሼር ቢባልም ላያቢሊቲ (ዕዳ) ነው። 10 ሚሊዮን ብር ሰብስባችሁ ከሆነ በዓመት የምትከፍሉትን 1.2 ሚሊዮን ዲቪደንድ ብላችሁ ከሪቴይንድ ኧርኒንግ (ከተጠራቀመው ትርፍ) አትቀንሱትም፣ የወለድ ወጪ ሆኖ ፕሮፊት ኤንድ ሎስ (የትርፍና ኪሳራ መግለጫ) ውስጥ ይገባና ትርፋችሁን ያወርደዋል (ማኔጅመንት የሚጮኸው እዚህ ጋ ነው እንግዲህ)። ለሽያጩ ያወጣችሁት ወጪ ካለ ከዕዳው መነሻ ላይ ይቀነስና በኢፌክቲቭ ኢንተረስት (ወጪውንም ጨምሮ በሚሰላው ትክክለኛ የወለድ መጠን) 5ቱ ዓመት ላይ ይበተናል።

ግን ውሉን ደግመህ አንብበው። መልሶ መግዛቱም ዲቪደንዱም ካምፓኒው ሲፈልግ ብቻ ከሆነ ኢኩዊቲ (ካፒታል) ነው። መመለሱ ግዴታ ሆኖ ዲቪደንዱ ብቻ በካምፓኒው ፍላጎት ከሆነና ያልተከፈለው ካልተጠራቀመ ደግሞ ሼሩ ለሁለት ይከፈላል፣ ወደፊት የሚመለሰው ገንዘብ የዛሬ ዋጋው ዕዳ፣ የተረፈው ኢኩዊቲ። እና የባንክ ብድር ካላችሁ ውሉ ላይ የዕዳና ካፒታል ሬሾ ገደብ ካለ አሁኑኑ አስሉት፣ ኦዲተር መጥቶ ሼሩን ወደ ዕዳ ሲያዞርባችሁ ከሚያስደነግጣችሁ።