«ቀላል ነገር ነው» ተብላ ለተመለሰችው እህት

እህቴ፣ «ጎረቤቴ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ሰደበኝ፣ ገፈተረኝም፤ ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ ቀላል ነገር ነው ብለው መለሱኝ፤ ደንብ መተላለፍና ወንጀል በምን ይለያያሉ?» ብለሻል።

ሰውን የሚያሳስተው ይቺው «ቀላል» የምትለው ቃል ናት። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደንብ መተላለፍ የራሱ ክፍል አለው፤ ከአንቀጽ 734 ይጀምራል፣ የማረፊያ ቤት እስራቱም ከ1 ቀን እስከ 3 ወር ነው። ቀላል እስራት ግን የወንጀል ቅጣት ነው፤ በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት።

ያንቺ ጉዳይ ወንጀል ነው። ስድቡ በአንቀጽ 615፣ መገፍተሩ በአንቀጽ 560 ይታያል። ሁለቱም ካንቺ አቤቱታ ውጭ አይንቀሳቀሱም፤ ጊዜውም ድርጊቱን ወይም ፈጻሚውን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሽማግሌ ሲጠብቅ ቀኑ ያልፍበታል። እርቁ ይቀጥል፣ አቤቱታው ግን ይቅደም፤ ከታረቃችሁ ትተዪዋለሽ።

ቃልሽን ስትሰጪ «ሰደበኝ» ብለሽ አትለፊ። የተናገረውን ቃል እንዳለ፣ አጠገብሽ ሆኖ የሰማውንም ሰው አስመዝግቢ። ሳይነበብልሽ አትፈርሚ።

ሕክምናው ላይ በጣም ተጠንቀቂ። ሰንበር፣ እብጠትና ቶሎ የሚያልፍ ሕመም በ560 እንደ አካል ጉዳት አይቆጠሩም። ጉዳቱ ከዚያ ካለፈ ወደ 556 ይሄዳል፣ ቅጣቱም እስከ 1 ዓመት ይደርሳል። ይህን የሚለየው የሐኪም ወረቀት ስለሆነ ከፖሊስ ደብዳቤ ይዘሽ በዕለቱ ድል ጮራ ሆስፒታል ሂጂ። «ጉዳት አለ» የሚል ወረቀት አይረዳሽም፤ «ግራ ክንድ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ቁስል» ብሎ የሚዘረዝረው ነው የሚረዳሽ።

ደንብ መተላለፍ መንገዱም ሌላ ነው። ሙከራና ግብረ አበርነት አያስቀጡም። ድሬ ላይ የሚያየው የአስተዳደሩ ፍርድ ቤት ነው፤ ሐረር ከሆነ የክልሉ። ጥፋቱን ያመነ ሰው በጽሑፍ አምኖ ሳይቀርብ መጨረስ ይችላል። መጥሪያውን ችላ ያለ ግን በሌለበት ይወሰንበታል።

ባጃጅ ለምትነዱ ደግሞ፦ የትራፊክ ቅጣት ስለከፈላችሁ ሰው የተጎዳበት ክስ አይዘጋም። እሱ በቸልተኝነት ጉዳት ማድረስ ነው፣ በ559 ለብቻው ይሄዳል። የቅጣቱን ደረሰኝ ግን አትጣሉ።