ከ20 ስምንት ያስመጣኝ መጽሐፍ ይሻላል ወይስ 17 ያስመጣኝ?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለኢንትራንስ የምዘጋጅባቸው ሁለት የሒሳብ አጋዥ መጻሕፍት አሉኝ። ፔዳ አካባቢ ከገዛሁት 20 ጥያቄ ሠርቼ 17 አገኘሁ፤ ጓደኛዬ ካዋሰችኝ ግን 8 ብቻ። «ከባዱን ከያዝሽ ፈተናው ይቀልሻል» ይሉኛል። እውነት ነው?
ከግሽ ዓባይ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ክብደቱ ከምን እንደመጣ ሳይታወቅ አዎ ማለት አይቻልም። የሚያሠለጥን ክብደት አለ፤ ጊዜ ብቻ የሚበላም አለ።

የሚያሠለጥነው ይህን ይመስላል። ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ፣ «ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9» ለ«ኤክስ ሲቀነስ 3» ሲካፈል ሊሚቱ ስንት ነው? የላይኛውን ፋክተር አድርገሽ ታጣፊያለሽ፤ 6 ይመጣል። ቀላሉ መጽሐፍ እዚህ ላይ ይቆማል። ከባዱ የላይኛውን ይቀይርና፣ ኤክስ ላይ 6 ደምረሽ ከስኩዌር ሩቱ 3 እንድትቀንሺ ያደርጋል። አሁን ላይና ታቹን በኮንጁጌት (የመሐሉ ምልክት በተገለበጠበት ጥንድ) ማባዛት የግድ ነው፤ መልሱ 1/6። የተጨመረው አንድ እርምጃ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከመማሪያ መጽሐፍሽ አልወጣም።

የማይረባውን ደግሞ ከፊዚክስ እንውሰድ። ከ45 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ፣ ጂ (የመሬት ስበት አክስለሬሽን) 10 ከሆነ በ3 ሴኮንድ መሬት ይደርሳል። መጽሐፉ 9.8 ካለሽ 3.03 ለማግኘት ስትታገዪ ትውያለሽ። ፊዚክሱ ያው ነው። ፈተና ላይ ካልኩሌተር ስለማይገባ እንዲህ ያለ ቁጥር አይጠቅምሽም።

ሁለቱን ለመመዘን ከሁለቱም አንድ ዓይነት ምዕራፍ ምረጪና 20፣ 20 ጥያቄ በሰዓት ሥሪ። 65 ጥያቄ ያለው የሒሳብ ፈተና በ3 ሰዓት ሲሠራ ለአንዱ 2 ደቂቃ ከ46 ሴኮንድ ይደርሰዋል፤ ለ20ው 55 ደቂቃ ያዢ። ከአንድ የቀድሞ ፈተናም በዚያው ምዕራፍ የወጡትን ጥያቄዎች በዚሁ ሒሳብ ሥሪ፤ ሚዛንሽ እሱ ነው። ከዚያ በሳትሻቸው ጥያቄዎች አጠገብ ምክንያቱን ጻፊ፦ አላውቀውም፣ ሰዓት አጠረኝ፣ ስደምር ተሳሳትኩ፣ ወይም ጥያቄው ራሱ ስህተት ነው። «አላውቀውም» ከበዛ ከባዱ ገና ነው። «ሰዓት አጠረኝ» ከበዛ ግን ልክሽ ነው።

ምርጫው አራት ከሆነ ግምትም ነጥብ ያመጣል። ስለዚህ ራስሽን ስትለኪ የሳትሻቸውን ለ3 አካፍለሽ ካገኘሻቸው ቀንሺ። 8ቱ 4 ይሆናል፤ 17ቱ 16። ስለዚህ ከቀላሉ ጀምሪ። በ55 ደቂቃ ከ20 ጥያቄ 16 ማግኘት ስትጀምሪ፣ የዚያኑ ምዕራፍ ከባድ ጥያቄዎች ክፈቺ። ምዕራፍ በምዕራፍ እንጂ መጽሐፍ ጨርሶ መጽሐፍ መጀመር አያዋጣም።

የሽፋኑን ዓመተ ምሕረት አትመኚ፤ አሮጌ ጥያቄ አዲስ ሽፋን ይለብሳል። ማውጫውን ከመማሪያ መጽሐፍሽ ጋር ጎን ለጎን አስተያዪ። በአዲሱ የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ አለ፤ አጋዡ ላይ ከሌለ የቀድሞውን ሥርዓተ ትምህርት ይዘሻል። ሁሉንም ትምህርት ባንድ የጠረዘ መጽሐፍ ሲቪክስን ካካተተም ያረጀ ነው፤ ሲቪክስ ከፈተናው ወጥቷል።

የተዋስሽው ፎቶ ኮፒ ከሆነ ደግሞ ኤክስፖነንቱንና የመቀነስ ምልክቱን አጥብቀሽ እዪ። ከኮፒ ላይ ኮፒ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው፤ ከ12ቱ ስህተቶችሽ ጥቂቶቹ ያንቺ ላይሆኑ ይችላሉ።